የብርሃን ተራራ ልጆች

ልጆቻችን የሚያዩአቸው የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልሞች አንድ ልማድ አላቸው፤ ከሌላ ዓለም የመጣች መንኮራኩር የምታርፈው አብዛኛውን ጊዜ በአሜሪካ ምድር ነው። እንግዶቹን ሕፃናት የሚያሳድዳቸውም የሚያድናቸውም አሜሪካዊ ነው። ይህን ለማማረር አላነሣሁትም፤ ለራሱ ልጆች የራሱን ተረት የሚተርክ ሕዝብ አይወቀስም። ያነሣሁት፣ ከእነዚህ ፊልሞች አንዱ ስለ እኛዋ ደብረ ብርሃን እንዳስብ ስላስገደደኝ ነው።

ፊልሙ ዋልት ዲዝኒ በ1975 እ.ኤ.አ. ያወጣውና ጆን ሃፍ ያዘጋጀው «ኢስኬፕ ቱ ዊች ማውንቴን» ነው፤ በእኛ አፍ «ወደ ጠንቋይ ተራራ ማምለጥ» ልንለው እንችላለን። መነሻውም አሌክሳንደር ኪ በ1968 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የልጆች ልብ ወለድ ነው። ቶኒና ቲያ የተባሉ ወላጅ አልባ ወንድምና እኅት ዕቃን ሳይነኩ ያንቀሳቅሳሉ፤ ከየት እንደ መጡ ግን አያውቁም። አንድ ባለጸጋ ኃይላቸውን ለጥቅሙ ሊያውል ያሳድዳቸዋል፤ የአገሬው ሰዎችም ጠንቋዮች ናቸው ብለው ያድኗቸዋል። ያመናቸው አንድ ብቸኛ ሽማግሌ ብቻ ነው፤ እርሱም በመኪናው ያሳፍራቸዋል። በፍጻሜው ያ ስሙ የሚያስፈራው ተራራ የወገኖቻቸው መጠጊያ ሆኖ ይገኛል።

ይኸው ታሪክ በ2009 እ.ኤ.አ. ድዌይን ጆንሰን የታክሲ ነጂ ሆኖ በተወነበት «ሬስ ቱ ዊች ማውንቴን» ታድሶ ቀርቧል። አዲሱ ፊልም ፈጣን ነው፤ ማሳደዱም ፍንዳታውም በዝቷል። ልጆቹ ግን ማንነታቸውንም ተልእኳቸውንም ከመነሻው ያውቃሉ። እኔ አዝጋሚውን አሮጌውን እመርጣለሁ። በእርሱ ውስጥ አንድ ሕፃን ሁሉ የሚገባው ጥያቄ አለና፤ «ቤታችን ወዴት ነው?» የሚል።

ወደ ሰሜን ሸዋ እንመለስ። ስሟን ከሰማይ ከወረደ ብርሃን ያገኘች ከተማ አለችን። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዜና መዋዕል እንደ ተተረከው፣ ንጉሡ በዚያ ስፍራ ሳሉ ብርሃን በሰማይ ታየ፤ እርሳቸውም ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ቦታውንም ደብረ ብርሃን አሉት። አንዳንድ ጸሐፍት ይህን ብርሃን በ1456 እ.ኤ.አ. ከታየው ከሀሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል። የታሪኩ ሌላው ገጽ ግን እምብዛም አይነገርም። ብርሃኑ የታየው ደቂቀ እስጢፋኖስ በመናፍቅነት ተከስሰው በድንጋይ ከተወገሩ ከ38 ቀናት በኋላ ነበር፤ ለፍርዱም የሰማይ ምስክር ሆኖ ተቆጠረ። ብርሃኑ ዝም ብሎ አበራ እንጂ አልተናገረም፤ ትርጉሙን የሰጡት ሰዎች ናቸው።

የፊልሙ ተራራ ክፉ ስም ይዞ መጠጊያ ሆነ። የእኛው ተራራ ያማረ ስም ይዟል፤ ለእንግዳ ልጅስ ምን ይሆንለታል? ይህ የምናብ ጥያቄ ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ከአጣዬ፣ ከዚያም ወዲህ ከወለጋ የተፈናቀሉ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ደብረ ብርሃን መጥተው በመጠለያ ኖረዋል። ከእነርሱ መካከል የነበሩት ሕፃናት ከሌላ ኮከብ አልመጡም፤ ቋንቋቸውም የእኛው ነው። ሆኖም በዚያ ብርድ ደጃፍ ላይ ቆመው የጠየቁት ቶኒና ቲያ የጠየቁትን ነው። የፈቀደ ነዋሪ እንጀራውን ቆርሶላቸዋል፤ ያልፈቀደም «የመጠለያ ልጆች» ብሎ አልፏቸዋል። ሰውን ባዕድ ለማድረግ መንኮራኩር አያስፈልግም፤ አንዲት ቅጽል ትበቃለች።

ስለዚህ እንዲህ እላለሁ፦ ለቤተሰብ የሚሆን፣ ከሰማይ ስለ መጡ ልጆች የሚናገር ፊልም በአማርኛ ይሠራ፤ መቼቱም ይህ አገር ይሁን። ከአንኮበር አፋፍ ላይ የቆመ ሰው የአፋር ቆላ ከእግሩ ሥር ተዘርግቶ ሲያይ ሌላ ፈለክ የሚመለከት ይመስለዋል። ጉም ገደሉን ሲሞላውማ መንኮራኩር መደበቂያ አያጣም። በ1841 እ.ኤ.አ. ካፒቴን ሃሪስ የብሪታንያን መልእክት ይዞ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲወጣ፣ ለአገሬው ሰው ባዕድ ፍጡር የነበረው እርሱ ነበር። አንኮበር እንግዳ መቀበል አዲሷ አይደለም።

«የሳይንስ ልብ ወለድ ለእኛ ምን ይበጀናል? ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?» የሚሉ አይጠፉም። በ2015 እ.ኤ.አ. ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ያዘጋጀውና ዳንኤል ታደሰ የተወነበት «ክራምስ» መንኮራኩርን በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ሰቅሎ አሳይቶናል። ያ ፊልም ለአዋቂ የተሠራ ነው፤ መንገዱን ግን ከፍቷል። የ1975ቱም ፊልም ልብ ያለው በብልጭታው አይደለም፤ አንድ ሽማግሌ ለሁለት ልጆች የመኪናውን በር በከፈተበት ቅጽበት ነው። ያን ለመቅረጽ ብዙ ወርቅ አይጠይቅም።

እኔ በዐይነ ልቡናዬ የማየው ፊልም እንዲህ ይጀምራል፤ በደብረ ብርሃን ሌሊት ብርሃን ይታያል፤ ሲነጋ ሁለት ልጆች በብርድ እየተንቀጠቀጡ ከአንዲት እናት ደጅ ቆመው ይገኛሉ። ሰፈሩ ተሰብስቦ «እነማን ናቸው? የማን ወገን ናቸው?» እያለ ይከራከራል። እርሷ ግን ምንም ሳትጠይቅ ጋቢዋን አውልቃ ታለብሳቸዋለች። የብርሃኑን ትርጉም ያን ጊዜ እንደ ገና የማንበብ ዕድል እናገኛለን።