ድንጋይ የያዘው ወረፋ

በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ያደገ ሰው ስለ ወረፋ የሚያወራው አያጣም። ወደ ቀበሌው ኅብረት ሱቅ ስኳር ገብቷል የተባለ እንደሆነ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ ከሱቁ ደጃፍ ተደርድሮ የሚታየው ድንጋይ ነበር። እያንዳንዱ ድንጋይ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ ግን እቤቱ ተኝቷል። ነጠላውን ተከናንቦ በብርድ የሚንቀጠቀጠው ሰው፣ በእግሩ ቆሞ ሳለ፣ ከድንጋዩ ኋላ ተራ ይጠብቃል። «ድንጋይ እንዴት ይቀድመኛል?» ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር መልሱ አንድ ነበር፦ «ቀድሞ የተቀመጠ ነዋ!»

ይህን ትዝታ ዛሬ የቀሰቀሰብኝ የእግር ኳስ ትኬት ነው ብል አንባቢዬ ይስቅብኝ ይሆናል። ይሳቅ፤ ግን ታግሦ ያንብበኝ። የድልድል ፍትሕ በስኳርም ሆነ በትኬት ያው አንድ ፍትሕ ነውና።

ነገሩን በቅርብ ለማያውቁት ላስረዳ። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ደንብ መሠረት ባለሜዳው ክለብ ለተጋጣሚው ደጋፊዎች የሚያቀርበው 3,000 ትኬት ነው፤ ስታዲየሙ ከ30,000 ሰው በታች የሚይዝ ከሆነ ደግሞ የመቀመጫውን 10 በመቶ ያቀርባል። ይህ በር ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ለማየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2024-25 የውድድር ዘመን የሊቨርፑሉ አንፊልድ ከ60,000 በላይ ተመልካች ይይዝ ነበር። የቦርንማውዝ ሜዳ ግን የሚይዘው 11,300 ያህል ብቻ ነበር። እንግዲህ ሊቨርፑል ወደ ቦርንማውዝ ሲጓዝ በደንቡ ለደጋፊዎቹ የሚገባቸው 1,130 ያህል ትኬት ነበር። በሜዳቸው ከተቀመጡት ሃምሳ ሰዎች ለአንዱ እንኳ በቅጡ አይደርስም ነበር ማለት ነው።

ይህን ጥቂት ለብዙዎች እንዴት ማካፈል ይቻላል? ብዙ ክለቦች ያገኙት መላ «የታማኝነት ነጥብ» ይባላል። ደጋፊው ከሜዳ ውጪ ለሚደረግ ጨዋታ ትኬት በገዛ ቁጥር ነጥብ ይመዘገብለታል። የሚቀጥለው ጨዋታ ትኬት ሲሸጥ በመጀመሪያ ባለብዙ ነጥቦች ይጠራሉ፤ ከዚያ ተከታዮቻቸው፤ ትኬቱ ከተረፈ ደግሞ ሌሎቹ። በወረቀት ላይ ሲነበብ እንከን የለውም። በብርድና በዝናብ ቡድኑን ተከትሎ የተንከራተተ ሰው ትላንት ከመጣው ቢቀድም ማን ይቃወማል?

ችግሩ የሚገለጠው አንድ ጥያቄ ሲነሣ ነው። ነጥብ በምን ይገኛል? ትኬት በመግዛት። ትኬትስ በምን ይገኛል? በነጥብ። ክቡን ልብ ይሏል! ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ በማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት የቆመ የአገራችን ወጣት ይህን ክብ ከማንም በላይ ያውቀዋል። «የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ያለው» ይላል ማስታወቂያው። ልምድ እንዳያገኝ ሥራ የለውም፤ ሥራ እንዳያገኝ ልምድ የለውም። ከክቡ ውስጥ ያለው ሲዞር ይኖራል፤ ከክቡ ውጪ ያለው ሲያይ ይኖራል።

ስለዚህ ይህ ነጥብ ታማኝነትን ይለካል የሚለውን አባባል አልቀበልም። የሚለካው ከዚህ ቀደም በሩ የተከፈተለት ማን እንደነበረ ነው። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ቡድኑ ሲዳከም፣ ትኬቱ ፈላጊ አጥቶ ሲቀር፣ ያኔ ዕድሜውና ገንዘቡ የፈቀደለት ሰው መዝገቡን ከፈተ። ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጅ ያኔ አራት ዓመቱ ነበር። ጥፋቱ ዘግይቶ መወለዱ ብቻ ነው። በሆስፒታል የሌሊት ተረኛ የሆነችው ነርስ፣ ቅዳሜና እሑድ አውቶቡስ የሚነዳው ሾፌር፣ ከመኪና ማቆሚያ ዳስ የማይወጣው ወገናችንም እንዲሁ ናቸው። ቴሌቪዥን ጨዋታውን ወደ ሰኞ ምሽት ሲያዛውረው ከለንደን ኒውካስል ሄዶ ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ላይ መገኘት የሚችለው ማን ነው? ፈቃድ የሚሰጠው አለቃ ያለው ሰው ነው። መዝገቡ የዚህን ሰው ምቾት «ታማኝነት» ብሎ ይጽፈዋል። እኛ ደግሞ ታማኝነት በስብሰባ መገኛ መዝገብ ሲለካ ያየን ሕዝብ ነን፤ እጅ ያወጣ ሁሉ በልቡ እንዳልነበረ አንስተውም።

አሁን የራሴን ጉድ ልናገር። የአንድ የለንደን ክለብ አባል ከሆንኩ አሥራ አንድ ዓመት አልፎኛል። በየዓመቱ ለአባልነቱ እከፍላለሁ፤ በየዓመቱ ከሜዳ ውጪ ለሚደረጉ ጨዋታዎች አመለክታለሁ፤ በየዓመቱም ነጥብዎ አይበቃም እባላለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወዳጄ «ትኬት ያለው ሰው አለ፤ መሄድ አይፈልግም» አለኝ። ሰውየው ባለብዙ ነጥብ ነው። በዚያ ቀን የሚሄድበት ጉዳይ ነበረው፤ ትኬቱን ካልገዛ ግን ነጥቡ ያመልጠዋል፤ ነጥቡ ካመለጠው ወረፋው ወደ ኋላ ይሸሻል። ስለዚህ እርሱ ይገዛል፣ እኔ እሄዳለሁ። ዋጋውን ብቻ ከፈልኩ፤ ትርፍ አልጠየቀኝም። ሌሊት ተነሥቼ በባቡር ሄድኩ፤ በዝናብ ቆሜ ዘመርኩ፤ ተሸንፈን ድምፄ ተዘግቶ ተመለስኩ። ነጥቡ የተመዘገበው ለሰውየው ነበር። የክለቡ መዝገብ ያን ቀን እርሱ በዝናብ እንደቆመ ይመሰክራል፤ እኔ ግን በመዝገቡ የለሁም። ድንጋዩ ስኳሩን ወሰደ!

«የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» የሚለውን ተረት ስጠላ የኖርኩ ሰው፣ ያን ቀን አብሬ ዘርፌያለሁ። በእንግሊዝና በዌልስ ሕግ ያለ ፈቃድ የእግር ኳስ ትኬት መሸጥ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ወንጀል ነው። አልተተረፈበትም ብዬ ራሴን ባጽናናም ሁለታችንም ደንቡን እንደጣስን አውቃለሁ። ይሁንና ሰውየውን ሌባ ለማለት አፌ አልደፈረም። እንዲህ እንዲያደርግ ያስገደደው ሥርዓቱ ነው። ላለመሄድ የሚቀጣ ሥርዓት፣ የማይሄዱ ገዢዎችን ይፈለፍላል። ከእነዚህ መካከል እንደ ሰውየው በዋጋው የሚያስተላልፍ አለ፤ አየር ባየር የሚነግድበትም አለ። ለሁለቱም መዝገቡ እኩል ነጥብ ይሰጣል።

የነባሮቹን ክርክር ሰምቻለሁ፤ አልንቀውም። «እኛ ቡድኑ በተዋረደበት ዘመን ነበርን፤ አሁን ሲያምርበት የመጣ ሁሉ እኩል ዕጣ ሊያወጣ ነውን?» ይላሉ። እውነት አላቸው። ሁሉም ነገር በዕጣ ይሁን የሚል ሰው ቢመጣ ከእነርሱ ጎን እቆማለሁ። የእንግዳ ደጋፊዎች ጥግ ነፍስ የሚኖረው እርስ በርሳቸው በሚተዋወቁ፣ ዜማውን በሚያውቁ ሰዎች ነው። ነገር ግን የትላንት ውለታ ሽልማት ይገባዋል ማለትና የትላንት ውለታ የዘላለም ርስት ይሁን ማለት ለየቅል ናቸው። እነርሱ ራሳቸው ወጣት ሳሉ በዚያ ጥግ የተቀበላቸው ሰው ነበር። ዜማውን ማን ያስተምር? ጥጉ እየሸበተ ነው፤ ዘመን ሲያልፍ ዘማሪው ከየት ይመጣል?

ደግሞም ይህ መብት በትግል የተገኘ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በጥር 2013 አርሰናል ለማንቸስተር ሲቲ ደጋፊዎች ትኬቱን 62 ፓውንድ ቢተምነው ከ900 በላይ ትኬት ሳይሸጥ ተመለሰ። በየካቲት 2016 የሊቨርፑል ደጋፊዎች ለቀጣዩ ዓመት የታቀደውን የ77 ፓውንድ ትኬት በመቃወም፣ ቡድናቸው ሰንደርላንድን 2 ለ 0 እየመራ ሳለ፣ በ77ኛው ደቂቃ በሺዎች ሆነው ስታዲየሙን ለቀው ወጡ። ጨዋታው 2 ለ 2 አለቀ፤ ባለቤቶቹም በቀናት ውስጥ ይቅርታ ጠይቀው ዕቅዱን ሰረዙ። በቀጣዩ ወር የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች ከሜዳ ውጪ የሚሸጠው ትኬት ከ30 ፓውንድ እንዳይበልጥ ተስማሙ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው።

ታዲያ ይህ ድል ለማን ሆነ? ዋጋው ሲወርድ በሩን የሚጠብቀው ገንዘብ መሆኑ ቀረ። በቦታው ነጥብ ቆመ። ሺዎች የታገሉለት የ30 ፓውንድ ትኬት በየሳምንቱ ለእነዚያው ጥቂት ሺህ ሰዎች ይደርሳል። ርካሽ ሆነ፤ ግን ለተከፈተለት ብቻ። ከዚያ ላይ ብዙ ክለቦች ትኬቱ ለደጋፊ ከመድረሱ በፊት ለተጫዋቾች ቤተሰብ፣ ለሠራተኞችና ለንግድ ሸሪኮች ይቀንሳሉ። ስፖንሰር የታማኝነት ነጥብ ሲጠየቅ የሰማ አለን?

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። አንደኛ፣ ነጥብ ይርጋ ይኑረው፤ ያለፉት ሦስት ዓመታት ይቆጠሩ፤ ከዚያ በፊት የነበረው በምስጋና ይዘጋ። ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ ጨዋታ ትኬት አንድ አምስተኛው ነጥብ ለሌላቸው አባላት በዕጣ ይሰጥ፤ ከዚህም ውስጥ ለወጣቶች ድርሻ ይቆረጥ። አሁንም ከፊሉን በዕጣ የሚያድሉ ክለቦች ስላሉ ይህ የማይቻል ነገር አይደለም። ሦስተኛ፣ ነጥብ ለገዛ ሰው መሰጠቱ ቀርቶ በበሩ ለገባ ሰው ይሰጥ፤ መሄድ ያልቻለ ደግሞ ትኬቱን ለክለቡ ሲመልስ ወረፋው አይነካበት። ያኔ የሐሰት ስም የሚያስፈልገው ሰው አይኖርም። አራተኛ፣ ክለቡ ከያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ስንት ትኬት እንደደረሰው፣ ስንቱን ለማን እንደሰጠ በይፋ ይንገር። ደብቆ የሚያድል ሁሉ ይታማል።

ከሁሉም በላይ ግን በሩ ራሱ ይስፋ። በጀርመን ቡንደስሊጋ ለእንግዳ ደጋፊዎች የሚቀርበው ከስታዲየሙ 10 በመቶ ነው። ከ81,000 በላይ በሚይዘው የዶርትሙንድ ስታዲየም ይህ 8,000 ያህል ይሆናል። 74,000 ያህል በሚይዘው ኦልድ ትራፎርድ ተመሳሳይ ደንብ ቢሠራበት 3,000 የነበረው ከ7,000 በላይ ይሆናል። የደኅንነት ጉዳይ ያሰጋል የሚሉ ይኖራሉ፤ ጀርመንም ፖሊስም ጠብም አላት። እውነቱ ሌላ ይመስለኛል። ለእንግዳ ከ30 ፓውንድ በላይ የማይሸጠው መቀመጫ ለሌላ ሰው በእጥፍና ከዚያ በላይ ሊሸጥ ይችላል። እኛ በነጥብ ስንናከስ ይህን ጥያቄ የሚያነሣ አይኖርም። ወረፋ ላይ ያሉ ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲጣሉ መጋዘኑን የሚቆጥር ማን አለ?

ባለፈው ሰሞን እዚሁ ለንደን የተወለደ የጎረቤቴ ልጅ፣ የዚያው ክለብ ደጋፊ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ በአሥራ አንድ ዓመት ካልደረስዎ እኔ መቼ ሊደርሰኝ ነው?» አለኝ። መልስ አጣሁለት። በዚያ ዘመን ስለ ድንጋዮቹ እናቴን ስጠይቃት መልስ እንዳጣችልኝ ሁሉ።

አንድ ነገር ግን አስታውሳለሁ። አንድ ማለዳ አንዲት ጎረቤታችን ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እያነሡ ወደ ቦዩ ጣሏቸው። «የቆመ ሰው ይቁም!» አሉ። ባለድንጋዮቹ ጮኹ፤ ነገር ግን ለመጮኽ መምጣት ነበረባቸው። መጡም፤ እንደማንኛችንም ተሰለፉ።

ቸር ይግጠመን።