ቡችላውን ከመሬት እናርቀው እንጂ ከሰው አንደብቀው

ርዕሰ አንቀጽ

በሰፈራችን አጥሮች ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚለው ጽሑፍ እየበዛ መጥቷል። ደጅ ቆሞ «ኧረ ውሻ ያዙልን!» እያሉ መጣራትም የዘወትር ነገር ሆኗል። የእድር መልእክት የሚያደርሰው፣ ቆጣሪ የሚያነበው፣ ለቅሶ የሚደርሰው፣ ሁሉም በር ላይ ቆሞ ይጣራል። ለመሆኑ እነዚህ ውሾች ኃይለኛ ሆነው ተወለዱ ወይስ እኛው እንዲህ አደረግናቸው?

ለዚህ ጥያቄ መነሻ የሆነን እዚሁ ሰፈራችን ውስጥ የደረሰ ነገር ነው። ከአንዲት እናት የተወለዱ ሁለት ቡችሎች ለሁለት ጎረቤታሞች ተሰጡ። አንደኛው ቤተሰብ ቡችላውን ገና በሁለት ወሩ መንገድ ለቀቀው። ከልኳንዳ ቤቱ ጓሮና ከቆሻሻ ገንዳው ሥር እያሸተተ ሲዞር ሰነበተ። አንድ ቀን ምግብ እምቢ አለ፤ አስመለሰው፤ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያዘው፤ በአራተኛው ቀን ሞተ። ይህን ያየው ሁለተኛው ቤተሰብ ደነገጠና ክትባቱ እስኪያልቅ ብሎ ቡችላውን ከጓሮ ማገዶ ቤት ዘጋበት። ምግብና ውኃ አልተጓደለበትም፤ ክትባቱንም አንድ ሳይቀር ወሰደ። አራት ወር አልፎት በሩ ሲከፈትለት ግን ከቤቱ ሰው በቀር የሚያውቀው ፍጡር አልነበረም። ጃንጥላ ሲያይ ይሸሻል፤ ሕፃን ሲስቅ ያጉረመርማል። ዓመት ሳይሞላው ኳሱን ሊያነሳ የገባውን የጎረቤት ልጅ ክንዱ ላይ ነከሰው። ልጁ በጊዜው ታክሞ ድኗል፤ ውሻው ግን እስከ ዛሬ ሰንሰለት ላይ ነው።

ሁለቱም ቤተሰቦች ክፉ አላሰቡም። አንዱ በሽታውን ዘነጋ፣ ሌላው ጠባዩን ዘነጋ። ማኅበራችን ዛሬ ሊያስገነዝብ የሚወደውም ሁለቱን ባንድነት መጠበቅ እንደሚቻል ነው።

የውሻ ጠባይ የሚያዝበት ጊዜ አጭር ነው። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ አገር ለዓመታት ያካሄዱትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1965 በመጽሐፍ አውጥተዋል። ቡችላ ከተወለደ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ያየውን፣ የሰማውንና የዳሰሰውን ሁሉ እንደ ወዳጅ ይቀበላል። ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር ሁሉ ያስፈራዋል። እ.ኤ.አ. በ1961 ይፋ በሆነ ሌላ ሙከራ ደግሞ ቡችሎች በታጠረ ሜዳ ውስጥ ሰው ሳይቀርባቸው እስከ 14ኛው ሳምንት እንዲያድጉ ተደረገ። እነዚህ ቡችሎች ሰውን እንደ አውሬ የሚሸሹ ሆነው ተገኙ። ችግኝ የሚቃናው ለጋ ሳለ ነው፤ ውሻም እንዲሁ።

ክትባቱ ግን ከዚህ ዘግይቶ ነው የሚያበቃው። ምክንያቱም ቡችላው ከእናቱ እንገር ያገኘው መከላከያ ክትባቱን ጭምር ያከሽፈዋል። ያ መከላከያ ከቡችላ ቡችላ በተለያየ ጊዜ ስለሚያልቅ ክትባቱ ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ተጀምሮ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ እስከ 16ኛው ሳምንት ይደጋገማል። የእብድ ውሻ መከላከያም አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ነው። ስለዚህ ሁሉም እስኪያልቅ በሩን ዘግተን እንጠብቅ ያልን እንደሆነ፣ በሩን የምንከፍተው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

በአሜሪካ የእንስሳት ጠባይ የሚያጠኑ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መግለጫ፣ ቡችላ የመጀመሪያ ክትባቱንና የትል መድኃኒቱን ካገኘ ከ7 ቀን በኋላ ከሰውና ከጤነኛ ውሾች ጋር መላመድ እንዲጀምር መክሯል። ምክሩ መልካም ነው። ዳሩ ግን የእነሱ መንገድና የእኛ መንገድ አንድ አይደለም። በእኛ ሰፈር ባለቤት የሌለው፣ ያልተከተበ ውሻ በየማዕዘኑ አለ። የፓርቮ ቫይረስ ከታመመ ውሻ ዓይነ ምድር ወጥቶ በአፈር ውስጥ ወራት ይቆያል፤ በጫማችን ሶልም ቤት ድረስ ይገባል። ስለዚህ ምክሩን ስንቀበል ከሰፈራችን ሁኔታ ጋር አገናዝበን መሆን አለበት።

እንዴት ይሁን ለሚለው፣ ዘዴው ቀላል ነው፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። በመጀመሪያ ቡችላው ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱና ከወንድሞቹ አይነጠል። ንክሻን መለዘብ የሚማረው ከእነሱ ጋር ሲጫወት ነው። ቤት ከገባ በኋላ በክንድ ታቅፈን ወይም ዘንቢል ውስጥ አድርገን በቀን ለአሥር ደቂቃ ያህል ደጅ እናውጣው። ሽማግሌውን ከነምርኩዛቸው፣ እናቶችን ከነጠላቸው፣ ተማሪውን ከነቦርሳው ይይ። የባጃጁን ጩኸት፣ የወፍጮውን ድምፅ፣ የአህያውን ኮቴ ይስማ። መሬት ግን አይውረድ፤ ከመንገድ ውሻም ጋር አፍ ለአፍ አይገናኝ።

ሁለተኛ፣ እንግዳ ወደ ቤት ይምጣለት። ልጆች ሲመጡ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ መሬት ተቀምጠው፣ ትልቅ ሰው ባለበት ይሁን። ጆሮውን መሳብና ማሳደድ ክልክል ነው። ቡችላው ጭራውን ከሸጎጠ ወይም ከተደበቀ በዚያው ይብቃ፤ በግድ ማቀፍ ፍርሃቱን ያባብሰዋል። ጫማ ከበር ይውለቅ፣ እጅም ይታጠብ። ሦስተኛ፣ ጤነኛና ክትባቱ የተሟላ ውሻ ያለው ጎረቤት ካለ፣ የታመመ ውሻ ባልነበረበት ግቢ አብረው ይጫወቱ። በፓርቮ ውሻ የሞተበት ቤት ግን በደንብ ታጥቦ፣ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውኃ ተበጥብጦ ሲሚንቶው ቢጸዳም፣ አፈሩን እንዲህ ማጽዳት ስለማይቻል ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ እዚያ ግቢ ባይገባ ይሻላል።

«ሰው የለመደ ውሻ ቤት አይጠብቅም» የሚሉ ወገኖች እንዳሉ እናውቃለን። ይህ ስህተት ነው። ሰው የለመደ ውሻ በሌሊት አጥር የሚዘል ሲያይ ይጮሃል፤ ቀን በበር የሚገባውን እንግዳ ግን ባለቤቱ እሺ ካለ ዝም ይላል። በፍርሃት ያደገ ውሻ ሌባውንም፣ አዋላጇንም፣ ኳስ ያመለጠችውን ሕፃን ልጅም አይለይም። እንዲህ ያለው ጠባቂ ሳይሆን ለባለቤቱም ዕዳ ነው።

ነገሩ ከውሻ ጠባይም በላይ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ዛሬም አለ። በዓለም ጤና ድርጅት መሠረት ይህ በሽታ ወደ ሰው የሚተላለፈው እስከ 99 በመቶ በውሻ አማካይነት ሲሆን፣ በበሽታው በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት 100 ሰዎች 40ዎቹ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የነከሰው ቡችላም ቢሆን «ትንሽ ነው» ተብሎ አይታለፍ። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ጸበሉም የባህል መድኃኒቱም ክትባቱን አይተካም። ቡችላውን በማላመድ ሰበብ የእብድ ውሻ ክትባቱን የሚያዘገይ ሰው ካለም የእኛን ቃል በትክክል አልተረዳም፤ ሦስት ወር እንደሞላው ይከተብ፤ ሐኪሙ ባለው ጊዜም ይደገምለት።

የክትባት ዋጋ ለብዙዎቻችን ቀላል እንዳልሆነ አይጠፋንም። ስለሆነም ማኅበራችን አንድ ነገር ያሳስባል። ውሻው የወለደችለት ወይም ቡችላ ያስገባ ነዋሪ ስሙን ለማኅበሩ ጸሐፊ ያስመዝግብ። ቁጥራቸው በርከት ሲል አንድ የእንስሳት ሐኪም በአንድ ቀን ጠርተን የመጓጓዣውን ወጪ በጋራ እንከፍላለን። ግቢው ሰፊ፣ ውሻውም የተከተበ ነዋሪ ደግሞ ለቡችሎች መገናኛ በሩን ቢከፍት ውለታው የሰፈሩ ሁሉ ነው። ወላጆችም ልጆቻችሁ ከማያውቁት ውሻ ጋር እንዳይጫወቱ፣ በሚበላና በሚተኛ ውሻ ላይ እንዳይቀልዱ ምከሩ።

ዛሬ በዘንቢል የምንይዘው ቡችላ ከስድስት ወር በኋላ በሁለት እጅ የማይያዝ ውሻ ይሆናል። ያኔ ከመቆጨት ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይበጃል። የሚቀጥለው እንግዳ በራችን ላይ ቆሞ «ውሻ ያዙልን» ሳይል የሚገባበት ሰፈር እንዲኖረን እያንዳንዳችን ከየግቢያችን እንጀምር እንላለን።