ባለ ታሪኩና ባለ መድረኩ

መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. በአገራችን የዘመን መለወጫ በዓል ነበረ። ልጆች አበባየሆሽ ሲሉ አርፍደው፥ ጎረቤትም ከጎረቤቱ እንኳን አደረሰህ ሲባባል ውሎ፥ ወደ 10 ሰዓት ግድም በኒውዮርክ ከተማ የደረሰው አደጋ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ተሰማ። በዚያው ዕለት የአሜሪካ የአየር ክልል ስለ ተዘጋ፥ አትላንቲክ ውቅያኖስን በማቋረጥ ላይ ከነበሩት አውሮፕላኖች መካከል 38ቱ ኒውፋውንድላንድ በምትባለው የካናዳ ደሴት፥ ጋንደር በተባለች ከተማ እንዲያርፉ ታዘዙ። የከተማይቱ ሕዝብ 10,000 አይሞላም ነበር። ከአውሮፕላኖቹ የወረዱት እንግዶች ግን ከ6,500 በላይ ነበሩ።

የጋንደርና የአካባቢዋ መንደሮች ሰዎች ለነዚህ እንግዶች ያደረጉት መስተንግዶ በዓለም ተወርቷል። በሥራ ማቆም አድማ ላይ የነበሩት የአውቶቡስ ነጂዎች አድማቸውን ትተው እንግዳ ማመላለስ ጀመሩ። ትምህርት ቤቱ፥ ቤተ ክርስቲያኑና የማኅበሩ አዳራሽ መኝታ ሆነ። በበረዶ ላይ ሆኪ የሚጫወቱበት ቤት ሳይቀር የምግብ ማቀዝቀዣ ሆኖ አገለገለ። እንግዶቹ እስከ አምስት ቀን ድረስ ሰንብተው ሲሄዱ ለዋሉላቸው ውለታ ገንዘብ ቢሰጡ፥ ባለ አገሮቹ አንቀበልም አሉ።

ከዚህ ታሪክ የተወለደው የሙዚቃ ቴአትር «ካም ፍሮም አዌይ» ይባላል። ሐረጉ የደሴቲቱ ሰዎች ከውጭ መጥቶ በመካከላቸው የሚገኘውን ሰው የሚጠሩበት ነው፤ በእኛ አገር አነጋገር «መጤ» ማለት ነው። ቴአትሩ በኒውዮርክ 1,669 ጊዜ ታይቶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጥቅምት 2022 ተዘግቷል። ዛሬ ደግሞ በሰሜን አሜሪካ በየክፍለ አገሩ ያሉ ቴአትር ቤቶች በየራሳቸው ተዋንያን እያዘጋጁ ያሳዩታል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ለማንሣት ጊዜው አሁን ይመስለኛል። የሌላውን ሰው ታሪክ ወስዶ በመድረክ ላይ የሚያቆም ሰው፥ ለባለ ታሪኩ ምን ዕዳ አለበት? ዕዳውንስ በምን ይከፍለዋል? መልሱን ለማግኘት የቴአትሩን ሠራተኞች አንድ በአንድ መመልከት ይጠቅማል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፥ የአገራችን ነገር እስኪነሣ ድረስ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሳቡን ያፈለቀው ማይክል ሩቢኖፍ የተባለ የቶሮንቶ ሰው ነው። በሙያው ሕግ ዐዋቂ የነበረ ሲሆን፥ ወደ ቴአትር አዘንብሎ በሸሪደን ኮሌጅ የኪነ ጥበብ ክፍል ምክትል ዲን ሆነ። ሐሳቡን ለብዙ ደራስያን ቢያቀርብ የሚቀበለው አላገኘም። በመጨረሻ እሺ ያሉት አይሪን ሳንኮፍና ዴቪድ ሃይን የተባሉ ባልና ሚስት ናቸው። እነዚህ ካናዳውያን አደጋው በደረሰበት ቀን በኒውዮርክ፥ ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች በሚያድሩበት ቤት ይኖሩ ስለ ነበር፥ በሰው አገር ሆኖ መደንገጥ ምን እንደሆነ በራሳቸው ደርሶ አይተውታል።

ባልና ሚስቱ በ2011፥ የአደጋው ዐሥረኛ ዓመት ሲታሰብ ወደ ጋንደር ሄደው አንድ ወር ያህል ተቀመጡ። ከነዋሪዎቹና ለመታሰቢያው ከተመለሱት መንገደኞች ጋር ለብዙ ሰዓት እየተቀመጡ የሚነገራቸውን ሰሙ። ነዋሪዎቹም እንደ ልማዳቸው በየቤታቸው ተቀበሏቸው። ስለ እንግዳ አቀባበል ሊጠይቁ የሄዱት ሰዎች ራሳቸው እንግዶች ሆኑ ማለት ነው። ወረቀትና እርሳስ ይዞ ግማሽ ቀን ጠይቆ የሚመለስ ደራሲ ይህን አያገኝም። የዕዳው የመጀመሪያ ክፍያ ጊዜ ነው፤ እነርሱም ጊዜያቸውን ሰጡ።

ቴአትሩ ወደ ትልቁ ከተማ የደረሰበት መንገድም ልብ ሊባል ይገባዋል። በ2012 በሸሪደን ኮሌጅ የ45 ደቂቃ ሙከራ ሆኖ ታየ። በ2013 ተማሪዎቹ ሙሉውን ተጫወቱት፤ በዚያው ዓመትም በኮኔቲከት ክፍለ አገር በሚገኘው የጉድስፒድ ቴአትር ቤት ለሙከራ ቀረበ። በ2015 በካሊፎርንያ በላ ሆያ፥ ቀጥሎም በሲያትል በሙሉ ዝግጅት ታየ። በ2016 ወደ ዋሽንግተንና ወደ ቶሮንቶ ተሻገረ። የኒውዮርክ መድረክ የተከፈተለት መጋቢት 12 ቀን 2017 ነው። እንግዲህ ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከዚህ ቀን ስድስት ዓመት ሆኖታል። ዋና ከተማይቱ የተቀበለችው የበሰለውን ነው፤ ያበሰሉት ግን የተማሪዎች መድረክና የየክፍለ አገሩ ቴአትር ቤቶች ናቸው።

አዘጋጁ ክሪስቶፈር አሽሊ የላ ሆያ ቴአትር ቤት ኃላፊ ነበር። በ2017 ቴአትሩ ለሰባት የቶኒ ሽልማቶች ታጭቶ ያገኘው አንዱን ብቻ ነው፤ እርሱም ለአሽሊ የተሰጠው የአዘጋጅነት ሽልማት ነው። ሽልማቱ ለማን እንደ ደረሰ ስናይ የሥራውን ባሕርይ እንረዳለን። በዚህ ቴአትር ውስጥ አዘጋጁ የሚሠራው ነገር አንድን ታላቅ ተዋናይ ማድመቅ አይደለም፤ ዐሥራ ሁለት ሰዎችን እንደ አንድ መንደር ማንቀሳቀስ ነው። በዚህም ሥራ የመድረኩን እንቅስቃሴ የቀየሰችው ኬሊ ዲቫይን አጋዥ ሆነችው።

የመድረኩን ገጽታ የሠራው ቤዎልፍ ቦሪት ቆመው የሚታዩ የዛፍ ግንዶች፥ የሳንቃ ግድግዳ፥ የሚዞር ወለልና እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ ወንበሮች ብቻ አቀረበ። ወንበሮቹ ተደርድረው አውሮፕላን ይሆናሉ፤ ዞር ሲሉ አውቶቡስ፥ እንደገና ሲዞሩ መጠጥ ቤት ይሆናሉ። የልብስ ሠሪዋ ቶኒ ሌስሊ ጄምስ ሥራም እንዲሁ ቁጥብ ነው። አንዱ ተዋናይ ኮፍያ ሲደፋ ወይም ካፖርት ሲደርብ ሌላ ሰው ይሆናል። በ2020 ያረፈው የመብራት ባለሙያ ሃወል ቢንክሊ ደግሞ ያንኑ ባዶ ወለል አንድ ጊዜ የጨለመ የአውሮፕላን ሆድ፥ አንድ ጊዜ የጧት ሜዳ አድርጎታል። ድህነት የሚመስለው ይህ አሠራር ትልቅ ብልሃት አለበት። ተመልካቹ የጎደለውን በራሱ አሳብ እየሞላ ስለሚከታተል፥ ለአንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ዕረፍት በሌለው ትርኢት ውስጥ ከመንደሩ ሰዎች እንደ አንዱ ይሆናል።

ወደ ተዋንያኑ እንምጣ። በኒውዮርክ የመጀመሪያዎቹ ዐሥራ ሁለት ተዋንያን እያንዳንዳቸው አንድ የመንደር ሰውና አንድ መንገደኛ፥ ከዚያም ሌሎች ብዙ ሰዎችን ይጫወታሉ። ጆኤል ሃች የጋንደርን ከንቲባ ሆኖ ይቆምና፥ ወዲያው የሌላው መንደር ከንቲባ ይሆናል። ጄን ኮሌላ የተጫወተችው ካፒቴን ቤቨርሊ ባስን ነው፤ እኚህ ሴት በ1986 በአሜሪካን ኤርላይንስ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን የሆኑ፥ በዚያም ቀን ከፓሪስ ሲበሩ ጋንደር ያረፉ ናቸው። ኪው ስሚዝ ልጇ የእሳት አደጋ ሠራተኛ የሆነና ወሬው የጠፋባትን እናት ሆና ታለቅሳለች። ከዐሥራ ሁለቱ ማንም ዋና ተዋናይ አይባልም። ሌላው ሲዘፍን ያልዘፈነው ወንበር ያነሣል። የጋንደርን ነገር አንድ ጀግና ፈጥሮ ለእርሱ መስጠት ቀላል በሆነ ነበር፤ ነገር ግን ሐሰት ይሆን ነበር። ለባለ ታሪኮቹ የተከፈለው ሁለተኛው ዕዳ ይህ እኩልነት ነው።

ሙዚቃውንም ብናይ፥ የደሴቲቱ ሕዝብ አባቶች ከአየርላንድና ከደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ የመጡ ስለሆኑ ዜማቸው የዚያ ዘር ነው። የሙዚቃው ተቆጣጣሪ ኢየን አይዘንድራትና ለመሣሪያዎች ያቀናበረው ኦገስት ኤሪክስሞን፥ ቫዮሊኑን፥ አኮርዲዮኑን፥ ዋሽንቱንና ከበሮውን ከመድረኩ ዳር በተመልካች ፊት አስቀመጡ። የአገሩ ሰዎች ከመጥረጊያ እንጨት፥ ከጠርሙስ ክዳንና ከአሮጌ ቦት ጫማ የሚሠሩት መሣሪያ ሳይቀር ገባበት። ዜማው ከአገሩ ለዛ እንዳይወጣ የኒውፋውንድላንዱ ሙዚቀኛ ቦብ ሃሌት አማካሪ ሆነ። ከተዋንያኑም መካከል ፔትሪና ብሮምሊ የደሴቲቱ ተወላጅ ናት። ከባለ አገሮቹ ቢያንስ አንዳንዱ በሥራው ውስጥ እንዲገኝ ማድረግ ሦስተኛው ክፍያ ነው።

አራተኛው ክፍያ ታሪኩን ወደ ባለቤቱ መመለስ ነው። ኒውዮርክ ከመግባታቸው በፊት፥ በጥቅምት 2016 ተዋንያኑ ወደ ጋንደር ሄደው በዚያ በሆኪ መጫወቻ ቤት፥ ታሪኩን በሠሩት ሰዎች ፊት ቴአትሩን በኮንሰርት መልክ ሁለት ጊዜ አቀረቡ፤ ገቢውም ለበጎ አድራጎት ዋለ። ከንቲባውን የሚጫወተው ሰው ራሳቸው ከንቲባው ተቀምጠው እያዩት ሲዘፍን ምን እንደሚሰማው አንባቢ ይገምተው። ከጋዜጣ ሐያሲ ይልቅ ይህ ዳኛ ያስፈራል። በ2023 ክረምት ደግሞ የኒውፋውንድላንድ ተወላጅ የሆነችው ጂሊያን ኪሊ ቴአትሩን በራሷ በጋንደር አዘጋጀችው። ዛሬ በቴአትሩ ምክንያት ከተማይቱን ለማየት የሚሄድ ሰው ብዙ ነው።

ነገር ግን ሁሉ መልካም ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። በመጀመሪያ፥ ደራስያኑ ከብዙ ሰው የሰሙትን ሰፍተው በአንድ ሰው ላይ አልብሰውታል፤ ጊዜንም አሳጥረዋል። ሁለተኛ፥ ደግነት ብቻ የሚታይበት መድረክ ያሰለቻል የሚል ነቀፌታ አለ። ለዚህኛው መልስ የሚሆነው በተውኔቱ ውስጥ ያለው እስላም መንገደኛ ነው። ሌላው እንግዳ ሁሉ በእቅፍ ሲያዝ፥ እርሱ በጥርጣሬ ይታያል፤ ሲሳፈርም ልብሱን አስወልቀው ይፈትሹታል። ደራስያኑ ይህን ትዕይንት ቢያስቀሩት ቴአትሩ ይበልጥ ደስ ያሰኝ ነበር፤ እውነትነቱ ግን ይጎድል ነበር።

ሦስተኛው ነገር የገንዘብ ነው፤ ይህም በአንድ ቴአትር የሚወሰን አይደለም። አዲስ የሙዚቃ ቴአትር ሲሠራ፥ በሙከራው ወራት የሚሳተፉ ተዋንያን አነጋገሩንና እንቅስቃሴውን በራሳቸው አሳብ ያዳብሩታል፤ ትርፍ ሲመጣ ግን የሚካፈሉት ደራሲውና ባለ ገንዘቡ ነበሩ። በ2016 «ሃሚልተን» የተባለው ቴአትር ባለቤቶች፥ ተዋንያኑ ስለ ጠየቁ፥ ከትርፉ ሊያካፍሏቸው ተስማሙ። በ2019 መጀመሪያ ደግሞ የአሜሪካ የመድረክ ተዋንያን ማኅበር አባላቱን ከእንዲህ ያለው የሙከራ ሥራ አቁሞ፥ ከአንድ ወር ያህል ክርክር በኋላ፥ ወጪው ከተመለሰ በኋላ ከሚገኘው ትርፍ 1 በመቶ ለነዚህ ሠራተኞች እንዲደርስ አስወሰነ። አንድ በመቶ ጥቂት ነው፤ ይሁን እንጂ የፈጠራ ሥራ የብዙ እጆች መሆኑ በጽሑፍ ታወቀ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የአገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ መድረካችን ሙዚቃንና ተውኔትን ሳይለይ ኖሯል። ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣ ዘፋኝና አዝማሪ ባይኖር የአዲስ አበባ መድረክ ምን ይዞ ይቆም ነበር? ሆኖም የጉዞው አቅጣጫ እስከ ዛሬ አንድ ነው። ዜማው ከወረዳው ወደ ዋና ከተማ ይመጣል፤ ተዘጋጅቶ ሲያልቅ ደግሞ ቴአትሩ ከዋና ከተማ ወደ ክፍለ አገር ለጥቂት ቀን ይወርዳል። ዜማ ሰጪው ማን ነው ሲባል «የሕዝብ» የሚል ቃል ይጻፍለታል። ይህ ቃል ሲያዩት አክብሮት ይመስላል፤ በተግባር ግን ብዙ ጊዜ ባለቤት የለውም ማለት ይሆናል። የትኛው ወረዳ፥ የማን ሠርግ፥ የማን ልቅሶ እንደሆነ ጠይቆ የሚጽፍ ጥቂት ነው።

ቴአትሩ ስሙን የወሰደበት ቃልም እኛን ይመለከተናል። «መጤ» የሚለው ቃል በአገራችን በቅርብ ዓመታት ስንቱን ከቤቱ እንዳስወጣ የማያውቅ የለም። ከቤቱ የወጣውን ሰው ግን፥ ስሙ በጋዜጣ ያልተጻፈ ገበሬ በጎጆው አስጠግቶ፥ ያለውን እንጀራ ቆርሶ እንዳበላውም እናውቃለን። ጋንደር በእኛም አገር አለች፤ በብዙ ወረዳ አለች። የሌላት ወር ሙሉ ተቀምጦ የሚሰማት ደራሲ ነው። እንደ እኔ በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ የወጣን ልጆች ስለ ገጠሩ በከተማ ቡና ቤት ተቀምጠን መጻፍ ይቀናናል፤ ይህን ወቀሳ ከራሴ እጀምራለሁ።

በተውኔቱ ውስጥ አንድ አጭር ትዕይንት አለ። እንግሊዝኛ የማያውቁ አፍሪካውያን ባልና ሚስት በሌሊት ከአውቶቡሱ ለመውረድ ይፈራሉ። ነጂው ቋንቋቸውን አያውቅም። በሴትዮዋ እጅ መጽሐፍ ቅዱስ መኖሩን አይቶ ይቀበላትና ፊልጵስዩስ ምዕራፍ 4 ቁጥር 6ን ፈልጎ በጣቱ ያሳያቸዋል፤ ቋንቋው ቢለይም የምዕራፉና የቁጥሩ አቆጣጠር አንድ ነውና። እነርሱም አንብበው ይወርዳሉ። ያ ነጂ እንግዶቹን ያረጋጋቸው የራሳቸውን መጽሐፍ ከፍቶ ነው። ለደራሲውም፥ ለአዘጋጁም፥ ለተዋናዩም ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት ያለ አይመስለኝም። ወደ ሰው አገር ሄዶ የባለ አገሩን መጽሐፍ መክፈት፥ ያገኙትንም አሳምሮ ሠርቶ፥ አስቀድሞ ለራሱ ለባለ አገሩ ማሳየት ያስፈልጋል። እኛም የመጀመሪያውን ትርኢት ታሪኩ በተፈጸመበት ወረዳ ሜዳ ላይ የምናሳይበትን ቀን ያቅርብልን።