ጣሳችሁን ጣሉና አንድ ሚዛን ያዙ

በተለይ እዚህ አሰላ ኮምፒውተር ላብ ውስጥ ያስተማርኳችሁና ዛሬ ለትምህርት ቤቱም ለክሊኒኩም ዌብሳይት እየሠራችሁ እንጀራ የምትበሉ ልጆች፣ ይቺ ለእናንተ ናት። አትቀየሙኝ፣ ግን ልናገር።

ኮፒ ፔስት ይብቃ!

የምትልኩልኝን ኮድ አያለሁ። የተማሪ መመዝገቢያው ገጽ ላይ የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ የሚቀይር ኮድ አለ። ካርድ የሚያትመው ቴምፕሌት ላይ ያው ሥራ እንደገና በሌላ መንገድ ተጽፏል። ትራንስክሪፕቱ ላይ ደግሞ ሦስተኛው። ሦስቱም "ይሠራሉ"፣ ግን ሦስቱም አንድ መልስ አይሰጡም። ገበያ ላይ ሁሉም የየራሱን ጣሳ ይዞ ስንዴ ሲሰፍር ምን እንደሚከተል ለአርሲ ልጅ አይነገርም።

"ቲቸር፣ 8 መደመር አይደል እንዴ?" ትሉኛላችሁ። አይደለም! ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ድረስ ልዩነቱ 7 ነው። 8 የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው። "ወይም" ያልኩት ጳጉሜን በየ4 ዓመቱ 6 ቀን ስለምትሆን ነው። 2015 ላይ 6 ስለነበረች የ2016 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ዋለ፤ የ2017ቱ ግን ሴፕቴምበር 11።

"አንድ ዓመት ቢሳሳት ምን ይመጣል?" የሚል ካለ የት እንዳለ ረስቷል ማለት ነው። ይህ እኮ የኃይሌ፣ የደራርቱ፣ የቀነኒሳና የጥሩነሽ አገር ነው! ከ20 ዓመት በታች ዓለም አቀፍ ውድድር ላይ የሯጭ ዕድሜ የሚታየው ውድድሩ በሚካሄድበት የፈረንጅ ዓመት ዲሴምበር 31 ላይ ስንት ይሆናል ተብሎ ነው። በአጭሩ የልደት ዓመቱ ይወስናል። ታኅሣሥ 20 ቀን 1999 የተወለደ ልጅ በፈረንጅ የተወለደው ዲሴምበር 29 ቀን 2006 ነው። ዝም ብሎ 8 የሚደምረው ኮድ ግን 2007 ያደርገዋል። ስለዚህ ለ2026 ውድድር አንዱ ወረቀት 20 ነህ ሲለው፣ ሌላው 19 ነህ ይለዋል። ሁለቱ ወረቀት ጎን ለጎን ሲቀመጥ "ዕድሜ አጭበርብሯል" የሚባለው ማነው? ልጁ ነው እንጂ ኮዱን የጻፈው አይደለም።

መፍትሔው ደግሞ ከባድ አይደለም። ቴምፕሌት ኢንጂኖቹ ቦታውን አዘጋጅተው ሰጥተዋችኋል። ጃንጎ ላይ ቴምፕሌትታግስ የሚባል ፎልደር አለ። ፍላስክ ላይ የጂንጃ ፊልተር አድርጋችሁ ትመዘግቡታላችሁ። ላራቬል ላይ ብሌድ ዳይሬክቲቭ፣ ሀንድልባርስ ላይ ሬጂስተር ሄልፐር አለላችሁ። አንዴ ትጽፋላችሁ፣ ገጹ ሁሉ በስሙ ይጠራዋል። ስህተት ሲገኝ አንድ ቦታ ታርማላችሁ፣ ሁሉም ገጽ አብሮ ይታረማል። በቃ!

ስሌቱን ራሱን ግን ሄልፐሩ ውስጥ አትቅበሩት። ስሌቱ ከቴምፕሌት ጋር ያልተጣበቀ ተራ ፋንክሽን ይሁን፤ የሄልፐሩ ሥራ እሱን ጠርቶ ማሳየት ብቻ ነው። ያኔ ኤክሴል የሚያወጣው ኮዳችሁም ያንኑ ይጠቀማል፣ እናንተም ገጽ ሳትከፍቱ ትፈትኑታላችሁ። መስከረም 1 ቀን 2000ን ስትሰጡት ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ካላላችሁ፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን ካልተቀበለ፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2016ን ደግሞ "እንዲህ ያለ ቀን የለም" ብሎ ካልመለሰ ሥራው አላለቀም። የፈረንጁን ቀን በእኛ ለማሳየት ብቻ ከሆነማ ከባዶ መጻፍም አያስፈልግም፤ ጃቫስክሪፕት ውስጥ ያለው ኢንትል የኢትዮጵያን ካላንደር ያውቃል።

"ደንበኛው ዛሬውኑ ይፈልገዋል" የምትሉ አላችሁ። እሺ፣ ኮፒ ማድረግ ዛሬ 5 ደቂቃ ያተርፋል። ስህተቱ ሲወጣ ግን ያን ኮድ የት የት እንደለጠፋችሁት ስትፈልጉ ታድራላችሁ። አንዷ ገጽ ካመለጠቻችሁ ደግሞ ቅድም ያልኩት ልጅ ሜዳ ላይ ይቀራል።

ሌሎቻችሁ ደግሞ "ሄልፐርስ" የሚል አንድ ፋይል ከፍታችሁ ቀኑንም፣ ውጤቱንም፣ የአያት ስሙንም አንድ ላይ ታጭቃላችሁ። እሱም ጎተራ አይደለም፣ ጆንያ ነው! ጤፍና ገብስ ተቀላቅሎ አይከተትም። የቀን ለብቻ፣ የውጤት ለብቻ፣ የስም ለብቻ ይቀመጥ። ስሙም ሥራውን ይናገር፤ "ፎርማት2" ስም አይደለም። አንድ ገጽ ላይ ብቻ የሚያስፈልገውን ነገር ደግሞ በግድ ሄልፐር አታድርጉት፣ እዚያው ይቆይ።

የቤት ሥራ፦ ዛሬ ማታ ፕሮጀክታችሁን ክፈቱና ዓመት ላይ 8 የሚደምርና የሚቀንስ መስመር ፈልጉ። ስንት ቦታ እንዳገኛችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ከአንድ በላይ ካገኛችሁ ነገ ጠዋት ሌላ ሥራ አትጀምሩ።