ጁሙዓ፣ ምሳና ሒጃብ፦ የሥራ ቦታችን ለሁሉም ይመቻል?

አርብ 5፡30 ሲሆን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለምሳ ይወጣሉ፤ 7፡30 ላይ ይመለሳሉ። ይህ ረዘም ያለ እረፍት ሙስሊሙ ሠራተኛ ጁሙዓን ሰግዶ ሥራው ላይ እንዲገኝ ያስችለዋል። ስለለመድነው እንደ ተራ ነገር እናየዋለን። በግል ፋብሪካ፣ በሆቴል ወይም በሱቅ ተቀጥሮ የሚሠራው ወንድማችን ግን ብዙ ጊዜ ይህ ሰዓት የለውም። ጁሙዓው በአለቃው በጎ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 እምነትን በግልም በጋራም የመተግበር ነፃነትን ያረጋግጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 14 በሃይማኖት ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግን ይከለክላል፤ በአንቀጽ 26 ደግሞ ሃይማኖት ለስንብት ምክንያት እንደማይሆን ይደነግጋል። ችግሩ ያለው ሕጉ በዝርዝር ባልነካው ቦታ ነው። ማንም "ሙስሊም ስለሆንክ" ብሎ አያባርርም፤ የፈረቃ ሰሌዳው ግን ሰላትና እንጀራን ያጋጫል።

የምሳ ጠረጴዛም የራሱ ታሪክ አለው። በአገራችን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንዱ ያረደውን ሌላው አለመብላቱ የቆየ ልማድ ነው፤ ጎረቤቶቻችን ለሠርግና ለለቅሶ ሲጠሩን ለሙስሊሙ ለብቻ ያሳርዳሉ፤ እኛም ለእነርሱ እንዲሁ እናደርጋለን። ይህን ጨዋነት መንደሩ ያውቀዋል፤ ቢሮው ግን ይዘነጋዋል። በዓመት መዝጊያ ግብዣ ላይ ለስላሳ ይዞ ጥግ የሚቀመጠው ባልደረባ ኩራተኛ ሆኖ ሳይሆን የሚበላው ስላጣ ነው። ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ያለበት የጾም ምግብ ግን ሁላችንንም በአንድ ትሪ ያገናኛል። ወጪውም ትንሽ ነው።

ሒጃብ ላይ ደግሞ "የደንብ ልብሳችን አይፈቅድም" የሚል መልስ ይሰማል። ከደንብ ልብሱ ጨርቅ ሻርፕ አሰፍቶ መስጠት ለድርጅቱ ከባድ ነው ብለን አናምንም። ብቁ የሆነች እህት ፊት ለፊት ከሚታይ ቦታ ተነስታ ጓዳ ስትመደብ ደንበኛውም ድርጅቱም ይጎዳሉ።

የዛሬው አሠራር ከሰማይ የወረደ አይደለም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ሙስሊሞች በአዲስ አበባ ሰልፍ በወጡ ጊዜ በዓሎቻችን ገና በሕዝብ በዓልነት አልታወቁም ነበር። በሰላም ተጠየቀ፤ ኋላም ተፈቀደ። ዛሬም ጥያቄው በሥርዓት ሊቀርብ ይችላል። የሠራተኛ ማኅበር ባለበት በኅብረት ስምምነቱ ውስጥ የአርብ ሰዓትና የመስገጃ ጥግ እንዲካተት መጠየቅ፣ ማኅበር በሌለበት የጎደለውን ሰዓት በማለዳ ወይም በማምሻ ለማካካስ በጽሑፍ መስማማት ይቻላል።

ከእኛም የሚጠበቅ አለ። ለጁሙዓ ወጥቶ እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው ለሚቀጥለው ሙስሊም በር ይዘጋል። የክርስቲያን ባልደረባችን ጾም ሲይዝ ፈረቃ የምንለውጥለት፣ ለገናና ለፋሲካ ተራውን የምንሸፍንለት እኛ ከሆንን ለዒድ ሲተካልን አይከብደውም። በሱረቱል ሑጁራት 13ኛ አንቀጽ ላይ በሕዝቦችና በነገዶች የመከፋፈላችን ዓላማ መተዋወቅ እንደሆነ ተነግሮናል። መተዋወቁም የአርብን ሰዓትና የምሳን ትሪ ከመሰሉ ትንንሽ ነገሮች ይጀምራል። አላህ ያግራልን።