የመጨረሻዋ ደቂቃ ሙግት

ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያም አልፎ ወደ ደምበጫ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በተቀመጡት ከተሞች፣ አገር ሰላም በሆነባቸው ምሽቶች ሰው በሚሰበሰብባቸው የኳስ ማሳያ ቤቶች ውስጥ፣ የእንግሊዝ ቡድኖች ጨዋታ አልቆ ወንበሩ እስኪነሣ ባለው ጊዜ አንድ ያረጀ ክርክር ዛሬም ይነሣል፤ እርሱም ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. እሑድ ዕለት በአዲስ አበባ ስታዲየም ናይጄሪያ ኢትዮጵያን 2 ለ 1 የረታችበት፣ ብሔራዊ ቡድናችንም ከብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ደጃፍ የተመለሰበት ጨዋታ በዳኛ ተወሰደብን ወይስ በገዛ እጃችን ጣልነው የሚል ነው።

የነገሩ ታሪክ አጭር ነው። በ57ኛው ደቂቃ በኃይሉ አሰፋ በግብ ጠባቂው በቪንሰንት ኤንየማ መረብ ላይ ያሳረፋት ኳስ አገሩን ሁሉ በእልልታ ከሞላችው በኋላ፣ በ67ኛው ደቂቃ ኤማኑኤል ኤሜኒኬ አቻ አደረገ፤ ሰዓቱ 90 በደረሰ ጊዜም ለናይጄሪያ ሪጎሬ ተሰጠና ያው ኤሜኒኬ መትቶ አገባ። ኅዳር 7 ቀን ካላባር ላይ በተደረገው የመልስ ጨዋታ 2 ለ 0 ተረታን፤ ድምሩ 4 ለ 1 ሆነ። የደጋፊው አቤቱታ ግን ከካላባሩ ይልቅ በአዲስ አበባው ጨዋታ ላይ ይበረታል፤ በመጀመሪያው አጋማሽ የእኛ ልጆች የመቷት አንዲት ኳስ የግቡን መስመር አልፋ ሳለ ሳትጸድቅ ቀረች የሚለው አንደኛው ክስ ሲሆን፣ ጨዋታው በአቻ ሊያልቅ ሲል የተነፋችው ፊሽካ ሁለተኛዋ ናት።

ቡሬ ላይ አንድ ምሽት ይኸው ሙግት ሲካሄድ ተገኝቼ ሰምቻለሁ። ጨዋታው በተደረገበት ዘመን ገና ሕፃን የነበረ የሚመስል ወጣት፣ በስልኩ ያኖራትን የጥቂት ሴኮንድ ምስል በአውራ ጣቱ እያስቆመና እያስኬደ፣ ከጎኑ ጋቢውን ደርቦ ለተቀመጠ አንድ የበርበሬ ነጋዴ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ይዩ፤ ኳሷ ሙሉ በሙሉ ገብታለች» ይለው ነበር። ነጋዴው ምስሉን ደጋግሞ ካየ በኋላ ስልኩን በእጁ ገፋ አድርጎ፣ «ልጄ፣ ኳሷስ ትግባም አትግባም ተዋት፤ ካገባን በኋላ ሠላሳ ሦስት ደቂቃ ቀርቶን ነበር፤ እርሷን ምን አደረግናት?» ሲል መለሰለት። ወጣቱ አልተረታም፤ ሌሎቹም እኩሌታው ከእርሱ፣ እኩሌታው ከነጋዴው ጋር ሆነው እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ተከራከሩ።

የወጣቱን ቁጣ የሚያቃልል ሰው የአገሩን ሰው ጠባይ አያውቅም። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» የሚል ሕዝብ፣ መሸነፉን በትዕግሥት ይቀበላል፤ ተበደልሁ ብሎ ያመነበትን ነገር ግን እስከ ልጅ ልጁ ያወርሰዋል። ጎጃም ደግሞ ጥንት ባላጋራው ዱላውን አስቀምጦ በቃሉ ብቻ የሚሟገትበት፣ መንገደኛ እንኳ «በሕግ አምላክ!» ሲባል እግሩን ተክሎ የሚቆምበት አገር ነው። በዚያ ሥርዓት ምስክር ሌላ፣ ዳኛ ሌላ ነበር፤ የመሰከረ አይፈርድም፣ የሚፈርድም አይመሰክርም። በኳስ ሜዳ ላይ ግን አንዱ ሰው በዐይኑ አይቶ ይመሰክራል፣ በዚያው ቅጽበት ይፈርዳል፣ ይግባኝ የሌለው ብይንም በፊሽካው ያጸናል። ሕጉ ራሱ፣ ግብ ተቆጠረ አልተቆጠረም የሚለውን ጨምሮ፣ በጨዋታው ፍሬ ነገር ላይ ዳኛው የሰጠው ውሳኔ የመጨረሻ ነው ይላል። እንዲህ ያለ ሸክም በአንድ ሰው ትከሻ ላይ መጫኑ ተመልካቹን ቢያስጨንቀው አያስደንቅም። ኳስ መስመር ማለፏን በመሣሪያ የሚያረጋግጠው ዘዴ በ2004 ዓ.ም. ተፈቅዶ በብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ሥራ ላይ ሲውል፣ ወደዚያው ዋንጫ በሚያደርሰው የአዲስ አበባ ሜዳ ላይ ግን አልነበረም፤ ስለዚህ ነገሩ በሰው ዐይን ላይ ብቻ ተንጠለጠለ፣ ወጣቱም ዛሬ በስልኩ የሚያየውን ረዳት ዳኛው በዚያች ቅጽበት ደግሞ ሊያየው አልቻለም።

ይሁን እንጂ ሚዛኑ ወደ ነጋዴው ያደላብኛል፤ ምክንያቱም የዚያን ዘመን ግቦች በደቂቃቸው ያስቀመጠ ሰው ሌላ ነገር ያያል። ከ31 ዓመት በኋላ በተመለስንበት የአፍሪካ ዋንጫ፣ ጥር 21 ቀን 2005 ዓ.ም. በአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ደቡብ አፍሪካ ሩስተንበርግ ላይ ናይጄሪያ 2 ለ 0 ስታሸንፈን፣ ቪክተር ሞሰስ ሁለቱንም ያገባው በሪጎሬ፣ እርሱም በ80ኛውና በ90ኛው ደቂቃ ነበር። አዲስ አበባ ላይ በ67ኛውና በ90ኛው፣ ካላባር ላይ በ20ኛውና በ82ኛው ደቂቃ ተቆጠረብን። እንግዲህ በእነዚህ ሦስት ጨዋታዎች ከገቡብን 6 ግቦች 4ቱ ከ80ኛው ደቂቃ ጀምሮ የገቡ ሲሆኑ፣ 4ቱ ደግሞ ሪጎሬዎች ናቸው። ሦስት ጊዜ በሦስት ልዩ ልዩ ሜዳ አንድ ዐይነት ነገር ከደረሰብን፣ በአንድ ዳኛ አድልዎ ብቻ ልናመካኝ አንችልም። ጉልበት ሲዝል እግር ይዘገያል፤ የዘገየ እግር ኳሷን ትቶ ሰውን ይመታል፤ በሳጥኑ ውስጥ ሰውን የመታ እግርም ሪጎሬ ያመጣል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በተሠራው የገዛ ሜዳችን፣ አየሩ የሳሳበት እንግዳ መዛል ሲገባው የዛልነው እኛ ከሆንን፣ ጥያቄው ከዳኛው ይልቅ ወደ ልምምዱና ወደ ተጠባባቂው ወንበር ይሄዳል።

ከሜዳ ውጭ ደግሞ ለማንም የማይላከክ ጥፋት ነበረብን። ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ከቦትስዋና ጋር በነበረው ጨዋታ ሁለት ቢጫ ካርድ የነበረበት ምንያህል ተሾመ በመሰለፉ 3 ነጥብ ተቀነሰብን፤ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 በረታን ማግሥት የሕዝቡ ደስታ ወደ ጭንቀት ተለወጠ፣ ምድቡም እንደ ገና እስከ ጳጉሜን ተንጠለጠለ። ያንን ያደረገው ፊሽካ የያዘ ሰው አይደለም፤ ካርድ ቆጥሮ በመዝገብ የሚያሰፍር ሰው ስላልነበረ ነው።

ስለ ሰዓት የሚነገረው ነገር ደግሞ በአብዛኛው ሕጉን ካለማወቅ ይመነጫል። አራተኛው ዳኛ በሰሌዳ 4 ቁጥርን ሲያሳይ፣ አራቱ ደቂቃ እንደ ሞላ ፊሽካው ካልተነፋ ዳኛው ሌባ ነው የሚል ደጋፊ ብዙ ነው፤ ሕጉ ግን በሰሌዳው የሚታየው ትንሹ መጠን እንደ ሆነ፣ ዳኛውም ሊጨምርበት እንጂ ሊቀንስበት እንደማይችል ይደነግጋል። ተጫዋች ሲለወጥ፣ ሲጎዳ፣ ካርድ ሲመዘዝ፣ ግብ አግብተው ሲጨፍሩ የጠፋው ጊዜ ሁሉ ይታሰባል። በመጀመሪያው አጋማሽ ሰዓት ተሳስቶ ቢሆን በሁለተኛው ማካካስ አይፈቀድም። ጊዜው ባለቀ ሰዓት የግድ እንዲመታ የተፈቀደው ሪጎሬ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በ1970 ዓ.ም. በአርጀንቲናው የዓለም ዋንጫ የዌልሱ ዳኛ ክላይቭ ቶማስ፣ ከማዕዘን የተሻማችው ኳስ በአየር ላይ ሳለች ፊሽካውን ነፍቶ ዚኮ በግንባሩ ያገባትን የብራዚል ግብ በሻረ ጊዜ፣ ዓለም ቢወቅሰውም በሕግ የሚረታው አልተገኘም። በአንጻሩ ጥር 4 ቀን 2014 ዓ.ም. ካሜሩን ሊምቤ ላይ የዛምቢያው ጃኒ ሲካዝዌ የቱኒዚያንና የማሊን ጨዋታ አንድ ጊዜ በ85ኛው ደቂቃ፣ ሁለተኛም 90 ሊሞላ ጥቂት ሴኮንዶች ሲቀሩት ባቋረጠ ጊዜ ስሕተቱ ግልጽ ነበር፤ ኋላ እርሱ ራሱ ሙቀቱ አእምሮውን እንዳሳተው ተናገረ፣ የቱኒዚያ አቤቱታ ግን ውድቅ ሆነ። እንዲህ ያለውን ነገር ያዩ ሰዎች ሰዓቱ ለሕዝብ በግልጽ ይቆጠር ቢሉ እኔም እደግፋቸዋለሁ።

ግን ሰዓት የሚገድለው ዳኛ ብቻ ነውን? በክረምቱ የትምህርት ዕረፍት በቡሬ ዙሪያና በወንበርማ ቀበሌዎች የሚደረገውን የዋንጫ ውድድር ያየ ሰው መልሱን ያውቀዋል። የግቡ ቋሚ ከባሕር ዛፍ የተቆረጠ፣ መስመሩ በኖራ የተሰመረ ነው፤ ሜዳውንም ነሐሴ ላይ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ በቆሎ ይከበዋል። የሜዳው ባለቤት ቡድን አንድ ለባዶ መምራት ከጀመረ፣ ተከላካዩ ኳሷን ሆን ብሎ ወደ በቆሎው ይለጋታል፤ ሊያመጧት የገቡት የመንደሩ ልጆች ኳሷን በእግራቸው ሥር ይዘው «አላገኘናትም!» ብለው ይጮኻሉ፤ ግብ ጠባቂው ደግሞ ማንም ሳይነካው ጉልበቱን ይዞ ይወድቃል። ይህን ሁሉ ጊዜ በእጅ ሰዓቱ ብቻ የሚቆጥረው፣ ብዙውን ጊዜ የስፖርት መምህር የሆነው ዳኛ፣ ስድስት ደቂቃ የጨመረ እንደ ሆነ ከሜዳው በሽማግሌ ታጅቦ ይወጣል። በዓለም ላይ ግብ ጠባቂ ኳሷን ከ8 ሴኮንድ በላይ በእጁ ከያዘ ለተቃራኒው ቡድን የማዕዘን ምት እንዲሰጥ ከሰኔ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የተደነገገው፣ ይኸው የመንደራችን ክፋት በትልልቆቹም ሜዳዎች ስለሚሠራ ነው። ኳሷ በበቆሎው ውስጥ ስትደበቅ ያጨበጨበ ሰው ናይጄሪያ ሰዓት ገደለች ብሎ ለመክሰስ ምን አፍ አለው?

ሚዛን ለሁለቱም ወገን አንድ ካልሆነ ሚዛን አይባልም። ጳጉሜን 2 ቀን 2013 ዓ.ም. ባሕር ዳር ስታዲየም ላይ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ዚምባብዌን ስንገጥም፣ ያለ ግብ ሊያልቅ በነበረው ጨዋታ በባከነ ሰዓት ጭማሪ ሪጎሬ ተሰጠንና አስቻለው ታመነ አግብቶ 1 ለ 0 አሸነፍን። ከባሕር ዳር እስከ ፍኖተ ሰላም ያለው ሕዝብ በዚያ ሌሊት ዘፈነ እንጂ «ይህች ፊሽካ በመጨረሻዋ ደቂቃ ለምን ተነፋች?» ያለ ሰው አልሰማሁም። ሀራሬ ላይ ግን፣ ልክ እንደ ቡሬው ወጣት፣ ስልኩን እያስቆመ የሚያሳይ አንድ ልጅ እንደሚኖር አልጠራጠርም።

ከዚህም ይልቅ ልባችንን ሊነካ የሚገባው የራሳችን ዳኞች ታሪክ ነው። ሐምሌ 7 ቀን 2011 ዓ.ም. ካይሮ ላይ በአፍሪካ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ሴኔጋልና ቱኒዚያ በተጨማሪ ሰዓት ሲጫወቱ፣ ኢትዮጵያዊው ባምላክ ተሰማ ለቱኒዚያ የሰጠውን ሪጎሬ በቪዲዮ ከተመለከተ በኋላ ሻረው፤ ሴኔጋልም 1 ለ 0 አሸንፋ ለፍጻሜ አለፈች። ለቱኒዚያው ደጋፊ ባምላክ የደስታው ሌባ ነው፤ ለእኛ ግን በሕዝብ ፊት ቃሉን ለማጠፍ ያልፈራ፣ የኅሊናውን ብርታት ያሳየ ሰው ነው። ልድያ ታፈሰም በ2007 እና በ2011 ዓ.ም. በሴቶች የዓለም ዋንጫ ከተመረጡት ዳኞች መካከል ነበረች። በእነዚህ ልጆቻችን የምንኮራ ከሆነ፣ የሌላው አገር ዳኛ በእኛ ላይ ሲፈርድ ተገዝቷል ለማለት መቸኮል የለብንም። ዳኛ ፈጽሞ አይገዛም አልልም፤ በኅዳር 2009 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ሴኔጋልን ባሸነፈችበት የማጣሪያ ጨዋታ ኳሷ የካሊዱ ኩሊባሊን ጉልበት ነክታ ሳለ በእጅ ነካ ብሎ ሪጎሬ የሰጠው ጋናዊው ጆሴፍ ላምፕቴይ ዕድሜ ልኩን ታግዷል፣ ጨዋታውም ከአንድ ዓመት በኋላ ተደግሞ ሴኔጋል 2 ለ 0 አሸንፋለች። ያ ፍርድ የመጣው ግን ማስረጃ ቀርቦ ተመርምሮ ነው፤ በጩኸትና በድንጋይ አልመጣም። ሚያዝያ 22 ቀን 2010 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም አንድ ዳኛ በሜዳ ውስጥ ተደብድቦ ፕሪሚየር ሊጉ እስኪታገድ የደረስንበት ቀን፣ ለኳሳችን ከካላባሩ ሽንፈት የከፋ የውርደት ቀን ነበር።

አባቶቻችን የመጨረሻዋን ደቂቃ እንዴት ይጠቀሙባት እንደ ነበር መዝገቡ ይናገራል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በዚያው በአዲስ አበባ ሜዳ፣ በይድነቃቸው ተሰማ አሠልጣኝነት ለአፍሪካ ዋንጫ የተሰለፈው ቡድን ግብፅን ሲገጥም 2 ለ 1 ተመርቶ ሳለ፣ ሉቻኖ ቫሳሎ በ84ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ፤ በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው ደቂቃ አግብተው ዋንጫው በአገራችን ቀረ። የእነርሱ ጉልበት የሚበረታው ሌላው ሲዝል ነበር፤ በ2005 እና በ2006 ዓ.ም. ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነብን።

የፍርዱን ሙግት የሚያበርደው ግን ሕጉን ማወቅ ነው፤ ስለዚህ በምዕራብ ጎጃም ያሉት የወረዳና የከተማ ስፖርት ጽሕፈት ቤቶች፣ ለዋንጫና ለማልያ ከሚያወጡት ገንዘብ ጥቂቱን ቀንሰው፣ በየኳስ ማሳያ ቤቱ ሕግ ሲጠቅሱ የሚያመሹትን ወጣቶች፣ ሴቶቹንም ወንዶቹንም፣ መዝግበው የዳኝነት ኮርስ እንዲሰጧቸው፣ ኮርሱንም መጪው ክረምት ሳያልፍ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ እንዲከፍቱ አጥብቄ እለምናለሁ።