«ሃይማኖት አይነሳ» የተባለበት ቤት

ፒያሳ ላይ ከአራዳ ጊዮርጊስ እስከ ካቶሊኮቹ ልደታ ማርያም ካቴድራል በእግር የሚኬድ ነው። ሰዉም እንዲሁ ተቀራርቦ የኖረ ነው። ኦርቶዶክሱ ልጁን ካቶሊክ ትምህርት ቤት አስተምሯል፤ ተጋብቷል፣ በአንድ ድንኳን ለቅሶ ተቀምጧል። ቡና ላይ የፖፑ ነገር ሲነሳ ግን ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ይቀራል፦ የሚጮኸውና «ተዉ፣ ሃይማኖት አይነሳ» የሚለው።

ሁለቱም ያጠፋሉ። ጯሂው የማያውቀውን ይሰድባል። ዝም አሰኚው ሰላም ያወረደ ይመስለዋል፤ ያተረፈው ግን ሐሜት ነው። ዘመዳሞች ፊት ለፊት ያልተነጋገሩትን እያንዳንዱ ቤቱ ገብቶ ከዩቲዩብ ተሳዳቢ ይማረዋል።

አንድ ምሳሌ እንይ። «ካቶሊኮች ፖፑ አይሳሳትም ይላሉ» ሲባል ብዙ ሰው የሚሰማው «ኃጢአት አይሠራም» ተብሎ ነው። ትምህርቱ እንዲያ አይልም፤ ፖፑም ይናዘዛል። እ.ኤ.አ. በ1870 በቫቲካን ጉባኤ የተደነገገው፣ ፖፑ በእምነትና በምግባር ጉዳይ ለመላዋ ቤተ ክርስቲያን የመጨረሻ ውሳኔ ሲያውጅ ከስሕተት ይጠበቃል የሚል ነው። ከዚያ ወዲህ በዚህ ሥልጣን በግልጽ የታወጀው አንድ ነገር ነው፤ በ1950 የእመቤታችን ዕርገት።

ታዲያ ፍልሰታን ከነሐሴ 1 ጀምሮ የሚጾም የአራዳ ኦርቶዶክስ ከዕርገቷ ጋር ምን ጠብ አለው? ምንም። ጠቡ ሌላ ቦታ ነው፦ ለክርስቲያን ሁሉ እንዲህ ብሎ የማወጅ ሥልጣን ለሮም ማን ሰጠ? ይህ እውነተኛና ከባድ ጥያቄ ነው። ከዚህ ጥያቄ የሚደርሰው ግን መጮህ ያቆመ ሰው ብቻ ነው።

ካቶሊኩም ከወቀሳ አያመልጥም። የሚያከራክረውን ትምህርት «ያው ሁላችንም አንድ ነን» ብሎ መሸፈን ጨዋነት ሳይሆን ሰሚን መናቅ ነው። የአጎቱ ልጅ ለምን እንደሚደነግጥም ይወቅ። አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 ካቶሊክነታቸውን አውጀው፣ ኋላም እምነቱን በአገሩ ላይ ሲጭኑ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1632 ለሕዝቡ የቀድሞ ሃይማኖቱን መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ይህ ትዝታ በስብከት አይጠፋም። «አዎ፣ ሆኗል» ሲባል ግን ይለዝባል።

«ይሄ የሊቃውንት ሥራ ነው» የሚል አይጠፋም። ሊቃውንቱማ ተነጋግረዋል። ከ451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ የተለያዩት የሮምና የእስክንድርያ መሪዎች፣ ጳውሎስ 6ኛና ሺኖዳ 3ኛ፣ በ1973 ስለ ክርስቶስ አምላክነትና ሰውነት የጋራ መግለጫ ፈርመዋል። ልዩነታቸው ሁሉ አላለቀም፤ ግን ተቀምጠው ተነጋገሩ። በአንድ ረከቦት ዙሪያ የሚቀመጡ ዘመዳሞች ይህ እንዴት ያቅታቸዋል?

መንገዱ አጭር ነው። የሌላውን እምነት፣ ባለቤቱ «አዎ፣ የማምነው እንዲህ ነው» እስኪል ድረስ በትክክል መናገር። መቃወም ከዚያ በኋላ ነው፤ ያኔ ሳይለሳለሱ መቃወምም ይቻላል።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ ጎረቤት ለጎረቤት ተበታትኗል። ፊት ለፊት የሚያናግሩት ሰው እያነሰ ነው። የቀረውን በጩኸት ማባረርም ሆነ በዝምታ ማራቅ ኪሳራው አንድ ነው።